ጠበቃዬ ደጅ አስጠናኝ

«ሰላም ጋሼ። ለንደን፣ ክሮይደን ያለንን ፍላት እየሸጥን ነው። ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሁለት መኝታ ነው። በፈረንጆቹ 2011 ገዛነው፤ በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። እሱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለሥራ አዲስ አበባ ነው ያለው። በጃንዋሪ መጨረሻ ገዢ ተገኘ፤ በዋጋም ተስማማን። ገዢዎቹ የመጀመሪያ ቤታቸውን የሚገዙ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ሶሊሲተሩን (ጠበቃውን) ያገኘነው በቤት ሽያጭ ኤጀንታችን በኩል ነው፤ ርካሽ ነው ተባልን። ይኸው ጁን ገባ። ኢሜይል ስልክላቸው ከሳምንት በኋላ ‹በሂደት ላይ ነው› የሚል መልስ ይመጣል። ስደውል በየጊዜው ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው። በ2013 የወጥ ቤቱን ግድግዳ አፍርሰን ከሳሎን ጋር አገናኝተነው ነበር፤ የዚያን ማስረጃ አምጪ ይሉኛል። ስለ ሕንፃው ደህንነት ደግሞ የሆነ ፎርም ሙዪ አሉኝ። ከዚያ ዝም። ባንክ ለገዢዎቹ የፈቀደው ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ጁላይ መጨረሻ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። እኔም ኦገስት ላይ ሊድስ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ኤጀንቱ ‹ሌላ ገዢ እንፈልግ› ማለት ጀምሯል። ሶሊሲተሩን ልቀይር? ልክሰስ? ወይስ ቢሯቸው ሄጄ ልቀመጥ? — ደጅ ጠኚዋ»

እህቴ፣

ቢሯቸው ሄዶ መቀመጡን ተዪው። እንዲህ በኤጀንት በኩል በርካሽ ከሚገኙት ብዙዎቹ ለንደን ውስጥ ቢሮ እንኳ የላቸውም። ባቡር ተሳፍረሽ ሌላ ከተማ ድረስ ብትሄጂ የሚቀበልሽ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወንበርና አንድ የፕላስቲክ አበባ ነው።

ንዴትሽ ግን ይገባኛል። እኛ ያደግንበት የቤት ሽያጭ ሌላ ነው። ዋጋ ከተቆረጠ ቀብድ ይሰጣል። ቀብድ የሰጠው ቢያፈርስ ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ከዚያ ውልና ማስረጃ ወረፋ ተይዞ ፊት ለፊት ይፈረማል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ግን በጃንዋሪ «ተስማማን» ያላችሁት ነገር በሕግ ፊት ገና ምንም አይደለም። ቀብድ የለም። የሚያስረው ኤክስቼንጅ የሚሉት ቀን ነው። ያን ቀን ሁለቱ ሶሊሲተሮች የተፈረመ ውል ይለዋወጣሉ፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ የዋጋውን 10 በመቶ ያስይዛል። እስከዚያ ድረስ እነሱም አንቺም «ይቅርብን» ብላችሁ ያለ ካሣ መሄድ ትችላላችሁ። ከአራት ወር በላይ በሩ ሳይቆለፍ አድሯል ማለት ነው። መጨነቅሽ ልክ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። «ሶሊሲተሬ ዘገየ» የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ፋይልሽ እሱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ሁለተኛው፣ ፋይልሽ እሱ ጋ የለም፤ የሌላ ሰው መልስ እየተጠበቀ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መጮህ ይሠራል። ሁለተኛው ከሆነ ግን እሱ ላይ መጮህ ቀይ መብራት ላይ የቆመ ሹፌር እንደ መቆጣት ነው።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ፍላት ስሸጥ በቀን ሁለቴ እየደወልኩ ሰውየውን በአፌም በልቤም ስረግመው ከረምኩ። ስድስት ሳምንት! መጨረሻ ላይ አንዲት የቢሮው ልጅ «ኧረ እኛ እኮ የምንጠብቀው ከሕንፃው አስተዳዳሪ የሚመጣ ወረቀት ነው» አለችኝ። አስተዳዳሪው ጋ ደወልኩ። «ክፍያ ስላልተፈጸመ ነው» አሉ። የክፍያው ጥያቄ የመጣው በኢሜይል ነበር። ጀንክ በሚባለው የማይፈለግ ኢሜይል መጣያ ውስጥ ተቀምጧል፣ በእኔው ስልክ። ሶሊሲተሩ ንጹሕ ነበር አልልም፤ አንድ ጊዜ ደውሎ «ክፈል» ቢለኝ ያልቅ ነበር። ግን ስድስቱን ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ሰው ላይ ነበር የጮህኩት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ፋይሉ ማን ጋ እንደተቀመጠ ማወቅ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ኢሜይል ጻፊ። «ምን ደረሰ?» ብለሽ አትጠይቂ። ለእሱ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «በሂደት ላይ ነው» ይሉሻል። እንዲህ በይ፦

«የፋይል ቁጥሬ ይህ ነው። እስካሁን ያልተመለሱ የገዢው ጠበቃ ጥያቄዎችን ዝርዝር ላኩልኝ። ከእያንዳንዱ አጠገብ መልሱ ከማን እንደሚጠበቅ፣ መቼ እንደተጠየቀና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳስታወሳችሁት ጻፉልኝ። ከእኔ የሚጠበቅ ነገር ካለ ለይታችሁ ንገሩኝ። የገዢዎቹ ሞርጌጅ በጁላይ መጨረሻ ጊዜው ስለሚያልፍ እስከ ሐሙስ መልስ እፈልጋለሁ።»

ይኼው ነው። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለመመለስ አንድ ሰው የግድ ፋይሉን መክፈት አለበት። ግማሹ ጥቅሙ እሱ ነው።

ዝርዝሩ ሲመጣ እንደምገምተው ትልቁ ነገር የማኔጂንግ ኤጀንቱ፣ ማለትም የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ የወረቀት ጥቅል ይሆናል። የለንደን ፍላት አብዛኛው ሊዝሆልድ ነው፣ ማለትም ሕንፃው የሌላ ሆኖ ፍላቱ በረጅም ዘመን የሊዝ ውል የሚያዝ፤ ያንቺም ያው ሳይሆን አይቀርም። የገዢው ጠበቃ የሕንፃውን ሒሳብ፣ ኢንሹራንሱን፣ የአገልግሎት ክፍያውን፣ ወደፊት የታቀደ ጥገና መኖር አለመኖሩን ማየት ይፈልጋል። ይህን የሚሞላው የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስከፍላል፤ የሚከፍለው ደግሞ ሻጭ ነው። ለአስተዳዳሪው ያንቺ ሽያጭ ቢዘገይ ምኑም አይደለም። እዚህ ላይ ከማንም የተሻለ አቅም ያለሽ አንቺ ነሽ። ከ2011 ጀምሮ የአገልግሎት ክፍያ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ራስሽ ደውዪ። ጥቅሉ ተልኳል ወይ? መቼ? ለየትኛው ኢሜይል? ከተላከ በኋላስ ተጨማሪ ጥያቄ መጥቷል ወይ? ብዙ ሶሊሲተር ለማስታወስ ኢሜይል ይልካል እንጂ ስልክ አያነሳም። አምስት ደቂቃ ስልክ የሦስት ሳምንት ኢሜይል የሚያስንቅበት ጊዜ አለ።

ግን አንድ ነገር አደራ። ስትደውዪ ስለ ግድግዳው ትንፍሽ እንዳትዪ።

ለምን መሰለሽ? ግድግዳ ስታፈርሱ ሁለት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አንዱ ከፍሪሆልደሩ፣ ማለትም ከሕንፃው ባለቤት፣ በሊዙ መሠረት የሚገኘው ነው። ሌላው የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የግንባታ ደንብ ማረጋገጫ ነው። ማስረጃው ካለሽ ፈልጊና ዛሬውኑ ላኪው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ከሌለሽ እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በኢንሹራንስ ነው። ኢንደምኒቲ ይሉታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው፤ ካውንስሉ ወይም ፍሪሆልደሩ አንድ ቀን ቢመጣ ገዢውን ይሸፍነዋል። ግን አንቺ ቀድመሽ ካውንስሉ ወይም ፍሪሆልደሩ ጋ ደውለሽ «በ2013 ግድግዳ አፍርሼ ነበር፣ ፈቃድ ነበረኝ ወይ?» ካልሽ፣ ኢንሹራንሱን የሚሸጥልሽ አታገኚም። አንዲት ስልክ ያንን በር ትዘጋዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ሶሊሲተሩን ጠይቂ፦ «ኢንደምኒቲ ይሆናል ወይ? የገዢው ጠበቃና ባንካቸው ይቀበሉታል ወይ?»

ይህ ማለት ከገዢው ደብቂ ማለት አይደለም። ስለ ቤቱ በሞላሽው ፎርም ላይ እውነቱን ጻፊ፤ ውሸት ከተገኘ ከሽያጩ በኋላም ይከተልሻል። ደግሞ ኢንሹራንስ ግድግዳ አይሸከምም። ያፈረሳችሁት ሕንፃውን የሚሸከም ግድግዳ ከነበረ ገዢዎቹ መሐንዲስ ልከው ማየት ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ያኔ በሩን ክፈቺላቸው።

ስለ ሕንፃው ደህንነት የተባልሽው ፎርም ደግሞ አንቺው የምትሞዪው ነው። እሱም አዘግይቶሽ ሊሆን ይችላል። ጁን 14 ቀን 2017 ግሬንፌል ላይ የደረሰውን ታውቂዋለሽ። 72 ሰው አለቀ፤ ከሐበሻውም ሰው ነበረበት። ከዚያ በኋላ በ2022 የሕንፃ ደህንነት ሕግ ወጣ። ቁመቱ 11 ሜትር ወይም አምስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ ሕንፃ ላይ ያለ ፍላት ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ ሁለት ወረቀት ይጠይቃል። አንዱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2022 ላይ ፍላቱ መኖሪያ ቤትሽ እንደነበር፣ ወይም በአገሪቱ ውስጥ ከሦስት የበለጠ ቤት እንዳልነበረሽ የሚያረጋግጥ ነው። ሌላውን የሚሰጠው የሕንፃው ባለቤት ነው። ፍላቱን ልትሸጪ እንደሆነ ከተነገረው ጀምሮ አራት ሳምንት አለው። አየሽ፣ አራት ሳምንቱ መቆጠር የሚጀምረው ከተነገረው ቀን ነው። ተነግሮታል? በጽሑፍ? ማን ነገረው? ሶሊሲተሩ «አንቺ ትነግሪዋለሽ» ብሎ፣ አንቺ ደግሞ «እሱ ይነግረዋል» ብለሽ ተቀምጣችሁ ከሆነ አይገርመኝም። ያንቺን ወረቀት ለመሙላት እንረዳሽ የማይሉ ቢሮዎችም አሉ። ፎርሙ ግን የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ከነማብራሪያው አለ። ፊርማው ምስክር ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አልፈሽ ኤክስቼንጅ ዋዜማ ላይ ልትወድቂበት የምትችዪው ጉድጓድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ባለቤትሽ።

ቤቱ በሁለታችሁ ስም ስለሆነ እሱም መፈረም አለበት። የሽያጩ ማስተላለፊያ ሰነድ ቲአር1 ይባላል። ፊርማው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ምስክር ይፈልጋል። በቪዲዮ ማየት አይበቃም። ምስክሩ የሽያጩ አካል መሆን ስለማይችል አንቺ አትሆኚም። አዲስ አበባ ውስጥ ማን ቢመሰክር እንደሚቀበሉ ሶሊሲተሩን አሁኑኑ ጠይቂው። አንዳንዱ ጠበቃ ወይም ኖተሪ ካልሆነ አይልም፤ አንዳንዱ ማንኛውንም አዋቂ ሰው ይቀበላል። ሰነዱ ቀን ሳይጻፍበት አስቀድሞ ተፈርሞ ሶሊሲተሩ ጋ መቀመጥ ይችላል። ቀኑ የሚሞላው ኮምፕሊሽን ላይ፣ ማለትም ገንዘቡ ገብቶ ቁልፉ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ለመፈረም ኤክስቼንጅን መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ይላክለት፣ ይፈርም፣ በዲኤችኤል ይመለስ።

«ውክልና ልስጥሽና ጨርሺው» ብሎሽ ይሆናል። የአገራችን ልማድ እሱ ነው። እዚህ ግን ሁለታችሁ ባለቤት ስለሆናችሁ፣ አንቺ ለራስሽም ለእሱም ብቻሽን ፈርመሽ የሽያጩን ገንዘብ መቀበል አትችዪም። ውክልና ካስፈለገ ወኪሉ ሦስተኛ ሰው ይሁን፤ ወንድምሽ ወይም የታመነ ጓደኛ። ይዘቱን ደግሞ ሶሊሲተሩ አስቀድሞ ይየው።

የስም ነገርም አለ። ላንድ ሬጂስትሪ በሚባለው የቤት ባለቤትነት መዝገብ ላይ ያለው የሁለታችሁ ስም አሁን ካለው ፓስፖርታችሁ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጪ። «ተስፋዬ» የሚለው ስም በ2011 አንድ ዓይነት ተጽፎ፣ በኋላ በወጣው ፓስፖርት ሌላ ዓይነት የተጻፈበት ስንት ሰው አውቃለሁ። አንድ ፊደል ብቻ ናት። ግን መጨረሻው ሳምንት ላይ ስትገኝ ማስረጃ ፍለጋ ይጀመራል። ባልና ሚስት ሆናችሁ የአባት ስማችሁ የተለያየ መሆኑም የማያውቀውን ያደናግራል። በሁለት መስመር አስረጂያቸውና የጋብቻ ወረቀቱን አያይዢ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ።

ሶሊሲተሩን ልቀይር ወይ? አሁን አይደለም። አዲሱ ሰው መታወቂያችሁን እንደገና ይመረምራል፣ ፋይሉን ከ«ሀ» ጀምሮ ያነባል። አሮጌው ደግሞ ያልተከፈለው ነገር ካለ ፋይሉን አልለቅም ማለት ይችላል። ጁላይ በዚሁ ታልቃለች። ፌብሩዋሪ ላይ ብትጠይቂኝ ኖሮ «ቀይሪ» እልሽ ነበር። ዝርዝሩን ጠይቀሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፍጹም ዝም ካሉሽ ብቻ እናስብበት።

ልክሰስ ወይ? ክስ ትልቅ ቃል ነው፤ ቅሬታ እንበለው። የመጀመሪያው ቀን የላኩልሽ ረጅም ደብዳቤ አለ፣ ሳታነቢው የፈረምሽው። (ማንም አያነበውም፣ እኔም አላነበብኩትም።) እዚያ ላይ ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ስም ተጽፏል። ሐሙስ ካለፈና ዝርዝሩ ካልመጣ፣ ዓርብ ጠዋት ለዚያ ሰው ጻፊ። ርዕሱ ላይ «ቅሬታ» የሚለው ቃል ይኑርበት። ቃሉ ሲኖር በቢሯቸው ደንብ መመዝገብ አለባቸው፤ ፋይሉም ከጀማሪው ሠራተኛ ወደ አለቃው ይወጣል። እኔ ያየሁት ብዙ ሰው ከዚህ በላይ መሄድ አላስፈለገውም። በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልፈቱት ወይም መልሳቸው ካላረካሽ ሊጋል ኦምቡድስማን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ፤ ካሣ ወይም የክፍያ ቅናሽ ሊያዝ ይችላል። ግን ስምንት ሳምንት ቁጠሪ። እሱ ለበኋላ ነው፤ ሽያጩን ለጁላይ አያደርስልሽም።

ኤጀንቱ «ሌላ ገዢ» ያለውን አትስሚው። አዲስ ገዢ ማለት አዲስ ሞርጌጅ፣ አዲስ የካውንስል መዝገብ ፍተሻ፣ አዲስ ጥያቄ ነው። ግድግዳሽም ያው ፈርሶ ይጠብቀዋል። ይልቅ ኤጀንቱን አሠሪው። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፤ ከአንቺ ቀጥሎ እንዲያልቅ የሚፈልገው እሱ ነው። የገዢዎቹን ጠበቃ በየሳምንቱ ይደውልለት፤ አንቺ ቀጥታ ልታገኚያቸው አትችዪም፣ እሱ ግን ይችላል። ፍተሻዎቹ በሙሉ ተመልሰዋል ወይ ብሎ ይጠይቃቸው። በነገራችን ላይ፣ ይህን ሶሊሲተር ሲያመጣልሽ ኮሚሽን አግኝቶበት እንደሆነ ጠይቂው። ሊነግርሽ ይገባል። ለጸብ አይደለም፤ ውለታ እንዳለበት እንዲያስታውስ ነው።

በእሱው በኩል ደግሞ ለገዢዎቹ መልእክት ላኪ። የሞርጌጃቸውን ጊዜ እንዲራዘምላቸው ብሮከራቸውን (ብድሩን ያገናኛቸውን ሰው) በዚህ ሳምንት ይጠይቁ። በጁላይ 28 ሲጠየቅና በጁን ሲጠየቅ ልዩነት አለው። ወጣቶች ናቸው፣ የመጀመሪያ ቤታቸው ነው። እነሱም እንዳንቺ «የሻጯ ጠበቃ አቃጠለን» እያሉ ይሆናል። ያንቺን ፍላጎት በራስሽ ቃል ሲሰሙ ይረጋጋሉ።

ስልኩን በተመለከተ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ማክሰኞን ያዢ። ማን እንዳነሳ፣ ምን እንዳለ ጻፊ፤ ከዚያ «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» ብለሽ በኢሜይል ላኪላቸው። በየቀኑ የሚደውል ሰው ስልኩ ሲጮህ ይታወቃል፣ አይነሳለትምም። አንዳንዶቻችን ደግሞ ይሉኝታ ይዞን ሦስት ወር ዝም እንልና አንድ ቀን ፈንድተን እንሰዳደባለን። ሁለቱም አይጠቅምም።

ሊድስን በተመለከተ፣ ሥራሽን በዚህ ሽያጭ ላይ አታንጠልጥዪው። ኤክስቼንጅ ሳይሆን የዕቃ መኪና እንዳትቀጥሪ፣ የኪራይ ውልም የፍላቱን ገንዘብ ተማምነሽ እንዳትፈርሚ። ሰው «ቀኑ ኦገስት 1 ነው» ቢልሽ እንኳ፣ ከኤክስቼንጅ በፊት የሚነገር ቀን ምኞት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሆስፒታሉ የሠራተኛ ማደሪያ እንዳለው ጠይቂ፤ አንዳንዱ አለው። ወይም አንድ ክፍል ተከራዪ። ኮምፕሊሽኑን ቀን የመምረጥ ዕድል ከደረሰሽ ደግሞ ዓርብን ተዪው። አገሩ ሁሉ ዓርብ ነው የሚገባው የሚወጣው፤ ባንኩም መኪናውም ይጨናነቃል። ረቡዕ ይሁን።

ኢሜይሉን ዛሬ ማታ ላኪ። ከዚያ በፊት ግን ጀንክሽን ክፈቺ።